ያልታየችው ኳስ

ትዋይላ በአንድ እጇ የፓስታ ሳህን፣ በሌላው የድንች ሳህን ይዛ፣ የማቀዝቀዣውን በር በጉልበቷ ደግፋ ቆማለች። ውስጡ ጢም ብሏል።

«አደራርቢያቸው» አለች አርዲስ ከጠረጴዛው ሳትነሳ።

«የታችኛው ክዳን የለውም።»

«እንግዲያው አንዱን እንብላው።»

«አልራበኝም።»

«ስለ ረሃብ ማን አወራ? ቦታ ለማግኘት ነው እንጂ።»

አርዲስ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት ናት፤ ሁለት ባሎች የቀበረች፣ ሰው ሲሞት ምን ከምን እንደሚቀድም የምታውቅ አሮጊት። የትዋይላ እህት ሮንዳ ማክሰኞ ጠዋት ካረፈች ጀምሮ ከዚህ ወጥ ቤት አልጠፋችም። ስልክ የምታነሳው እሷ ናት፤ ቡና የምታፈላው፣ እንግዳ የምትሸኘው እሷ ናት። ትዋይላም ተዪው አላለቻትም። ለመከልከልም ጉልበት ይጠይቃል።

የትዋይላ ድካም የለቅሶ ድካም አልነበረም። ገና አላለቀሰችም። ከኢንዲያናፖሊስ ሥራዋን ትታ እህቷን ልታስታምም የመጣችው በረዶው ሳይቀልጥ ነበር፤ አሁን የበቆሎው ማሳ ቢጫ ሆኗል። ያን ሁሉ ጊዜ እንቅልፏ የጥንቸል እንቅልፍ ነበር። አሁን ልተኛ ብትልም ጆሮዋ አልተኛ አላት፤ ከጎን ካለው ክፍል ሳል ይጠብቃል።

ሰዉ የሚመጣው በጓሮ በር ነው፤ አያንኳኳም። ሳህኑን ያስቀምጣል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል። ሮንዳ ከሃያ ዓመት በላይ በዚህች ከተማ ፖስታ ስታድል ስለኖረች የማታውቀው ደጅ አልነበረም፤ ስለዚህም ደጁ ሁሉ መጣ። እንዴት አረፈች ይሉና፣ ተሰቃየች ወይ ይሉና፣ ቡናቸውን ፉት ብለው ወደዚያች የቴኒስ ኳስ ወሬ ይሄዳሉ።

«እንደሷ ያለ እውነተኛ ሰው አላየሁም» አለ በዚያ ቀን ከሰዓት የመጣው የእህል ነጋዴ። «ሌላ ሰው ቢሆን ወጣች ብሎ ይገላገል ነበር። እሷ ግን መስመሩ ላይ ስታርፍ ስላየች አየሁ አለች። ሻምፒዮናውን በገዛ እጇ ሰጠች።»

«አዎ» አለች ትዋይላ።

«አንቺም እዚያው ሜዳ ላይ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

ተነስታ ቡና ቀዳችለት።

ሁለቱ እህቶች ቴኒስ የተማሩት በእህል ጎተራው ግድግዳ ላይ ኳስ እየደበደቡ ነው። ሮንዳ ረጅም፣ ግራኝ፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፤ ትዋይላ በአንድ ዓመት የምታንስ፣ አጭር፣ መረቡ ሥር እንደ ድመት የምትወረወር። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ አሰልጣኙ ጥንድ አድርጎ አሰለፋቸው። በአካባቢው ያሸነፋቸው አልነበረም። ኮሌጆች ለሴት ስፖርተኛ ነጻ የትምህርት ዕድል መስጠት የጀመሩት በቅርቡ ስለነበር፣ ሮንዳ ስታገኘው ጋዜጣው ፎቶዋን በፊት ገጹ አወጣ። በዓመቱ ትዋይላም ተከተለቻት።

ኮሌጅ ሌላ ዓለም ሆኖ ጠበቃቸው። እዚያ ሁሉም ልጅ የየከተማዋ አንደኛ ናት። ክረምቱን ገና ሳይነጋ ተነስተው አዳራሽ ውስጥ ይሮጣሉ፤ ጣታቸው እስኪላጥ ይመታሉ፤ ግን የጨዋታ ቀን ሲመጣ ሌሎች ይሰለፋሉ። በሜዳቸው ንግሥት የነበሩት ልጆች ፎጣ አቀባይ ሆኑ። ትዋይላ በስልክ ለእናቷ ያለቀሰችባቸው ቀናት ነበሩ። ሮንዳ አላለቀሰችም። «ተራችን ይመጣል፤ ዝም ብለሽ ምቺ» ትላት ነበር።

ተራቸው የመጣው በሮንዳ ሦስተኛ ዓመት ነው። አሰልጣኟ ሦስተኛ ጥንድ አድርጋ ሁለቱን አሰለፈቻቸው፣ ቡድኑም ለዋንጫ ደረሰ። በዚያ ቀን ሌሎቹ ሜዳዎች በሙሉ ተጫውተው አበቁ፤ ቡድኖቹ እኩል ሆኑ፤ የቀረው የእነሱ ሜዳ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እነሱ አጥር መጣ።

በእነዚያ ሜዳዎች ላይ ዳኛ አልነበረም። በአንቺ በኩል ያረፈችውን ኳስ ገባች ወጣች ብለሽ የምትፈርጂው አንቺው ነሽ። ባላጋራዎቻቸው ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቷቸዋል። ከወዲያ በኩል ጌይል የምትባል ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ ኳሷን ከፍ አድርጋ በትዋይላ ራስ ላይ አሳለፈቻት። ትዋይላ ፊቷ ወደ መረቡ ስለነበር የት እንዳረፈች አላየችም። የሰማችው ጠፍ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ዞር ስትል ሮንዳ ከኋላው መስመር አጠገብ ቆማለች።

«ገብታለች» አለች ሮንዳ። ወደ መረቡ ሄዳም እጇን ለባላጋራዎቿ ዘረጋች።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ የተነፈሰ አልነበረም። ለከርሞ የሮንዳ ነጻ ዕድል አልታደሰም። አሰልጣኟ ምክንያቱ ትከሻዋ ነው አለች፤ እውነትም ትከሻዋ ያማት ነበር፤ ግን ማንም አላመነም። ሮንዳ ለአንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ አገሯ ገባች፣ ፖስታ ቤት ተቀጠረች፣ ሳትመለስ ቀረች። መኸር መኸር የሁለተኛ ደረጃዋን የሴቶች ቡድን ታሰለጥን ጀመር። ትዋይላ ሌላ አጣማሪ ተሰጣት፤ ተጫወተች፣ ተመረቀች፣ ኢንሹራንስ ውስጥ ገባች፣ አገባች፣ ፈታች። በየበዓሉ ትመጣለች። እህትማማቾቹ ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ስለዚያች ኳስ ግን አንድ ቀን አላወሩም። ትዋይላ ሰዉ የሚያወራውን ይዛ ኖረች፤ እህቴ አይታ እውነቱን ተናገረች። በዚህ ላይ መናደድ አይቻልም። እሷ ግን በሆዷ ትናደድ ነበር።

የጠየቀቻት በነሐሴ ነው። ሮንዳን በረንዳው ላይ አውጥታ፣ ትራስ ደግፋላት፣ እግሯን ቅባት እየቀባቻት ነበር።

«ሮንዳ፣ ያቺ ኳስ በስንት ጣት ነው የገባችው?»

«የትኛዋ?»

«የትኛዋ ትያለሽ ደግሞ።»

ሮንዳ ዓይኗን ጨፈነች። «አላየኋትም እኮ።»

«ምን?»

«ፀሐይ ነበር። ቀና ስል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስታርፍ አላየኋትም።»

ትዋይላ እጇን ከእግሯ ላይ አነሳች። «እና ገብታለች አልሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ካላየሁ እንዴት ወጥታለች እላለሁ? ያላየሻት ኳስ የእነሱ ናት። ሕጉ ነው።»

«ወጥታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ትምህርትሽን አቋረጥሽ። ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ፖስታ ተሸከምሽ። ላላየሻት ኳስ!»

«ፖስታ መሸከም ምን ነውር አለው?» አለች ሮንዳ፤ ልትስቅ ስትል ሳሉ ያዛት።

ትዋይላ ውኃ ሰጠቻት። ከዚያ ቅባቱን ከድና ወደ ጓሮ ወጣች። ዛፉ ሥር እስኪመሽ ተቀመጠች። እራት አቀረበች፣ መድኃኒት ሰጠች፣ አንሶላ ቀየረች፤ ግን ለሁለት ቀን አዎ እና አይ ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻውን ጨመረ። ሮንዳ እየነቃች ብትተኛም፣ ከዚያ በኋላ የምታወራው ከሞተችው እናታቸው ጋር ነበር።

አሁን በየቀኑ ያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ፣ እህትሽ አይታ መሰከረች ሲላት፣ ትዋይላ የምታስበው እነዚያን ሁለት ቀናት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፓስተር ኤልደን መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«በቀብሩ ላይ ከቤተሰብ የሚናገር ካንቺ ሌላ የለም» አሉ። «ስለ ኳሷ ብታነሺ ለወጣቶቹ ጥሩ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ።»

«ምን ብለው ነው የሰበኩት?»

«ያየኸውን መስክር ብዬ።»

ትዋይላ ኩባያዋን ተመለከተች። «እስቲ አስብበታለሁ፣ ፓስተር።»

በዚያው ቀን አመሻሽ ሰው እንዲሰናበታት የሬሳ ሣጥኑ በቀብር አስፈጻሚው አዳራሽ ተከፈተ። ሮንዳ የፖስታ ቤት ባልደረቦቿ በሠሩላት ሰማያዊ ሹራብ ተኝታለች። ፊቷን ቀለም ቀብተውታል፤ በሕይወቷ ቀለም ነክቶት አያውቅም። ትዋይላ ከሬሳ ሣጥኑ ጎን ቆማ እጅ ስትጨብጥ እግሯ እንጨት ሆነ። ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ወፍራም ሴት በከዘራ ተደግፋ መጣች። ጸጉሯ ነጭ ነው።

«አታውቂኝም» አለች። «ጌይል ነኝ። ከወዲያ በኩል የነበርኩት።»

ትዋይላ ወዲያው አላወቀቻትም። ከዚያ ቀዩ ጸጉር ትዝ አላት። «ከየት መጣሽ?»

«ከኦሃዮ። ልጄ ነው የነዳልኝ። ጋዜጣ ላይ አየሁት።» ወደ ሮንዳ ተመለከተች። «ሃምሳ ጊዜ ደብዳቤ ልጽፍላት ጀምሬያለሁ። ምን እንደምል ስለማላውቅ እተወዋለሁ።»

ተያይዘው ግድግዳው ጥግ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ጌይል። «ኳሷ በርግጥ ገብታ ነበር? እኔ ከሩቅ አልታየኝም። አጣማሪዬ ወጥታለች ነበር የምትለው፤ ዋንጫውን ይዘን እንኳ ወጥታለች ትል ነበር።»

ትዋይላ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለመዋሸት ግን ደክሟታል። «አላየቻትም። ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ጌይል ወደ ሬሳ ሣጥኑ ዞር ብላ ተመለከተች።

«አይታ ቢሆን ይቀላል» አለች። «እኔም አይቼ ቢሆን ገብታለች እል ነበር። ብዙዎቻችን ያየነውን አንክድም። ሳላይ ግን…» ከዘራዋን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ሳላይ፣ ያ ሁሉ ሰው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያየኝ፣ የእህቴም ዕድል በእጄ ላይ ሆኖ፣ ወጣች ባልኩ ነበር። በኋላም ያየሁ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔም» አለች ትዋይላ። ይህን ማለቷ ራሷን አስደነገጣት። ያን ሁሉ ዘመን የተናደደችው፣ እሷ ብትሆን የማታደርገውን እህቷ ስላደረገችው ነበር።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ትዋይላ ወረቀት አልያዘችም።

«ሁላችሁም ሮንዳ ኳሷን አይታ እውነቱን ተናገረች ትላላችሁ» አለች። «አላየቻትም። እኔ የሰማሁት በነሐሴ ነው። ኳሷ ወጥታም ሊሆን ይችላል። ሳታይ ወጥታለች አለማለቷ ያስከፈላትን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ግን ያላየችውን አየሁ አላለችም። ስትነግረኝ ተቆጣሁና ጥያት ወጣሁ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ተቀመጠች። ፓስተር ኤልደን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ያዘጋጁትን ስብከት ሳያነቡት መዝሙር አስጀመሩ።

ከመቃብር መልስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ካሮትና የተጠበሰ ሥጋ እየተበላ ሳለ፣ ሮንዳ የምታሰለጥነው ቡድን አምበል ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገቧ ቆመች። የትምህርት ቤቱን ጃኬት ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ሚስ ትዋይላ፣ እኛ እናውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንዳላየቻት። አሰልጣኝ ሁልጊዜ ትነግረን ነበር። በልምምድ ስንጨቃጨቅ፣ አየሽ ወይስ መሰለሽ ትለናለች። እኔ አንዴ ፀሐይ ጋርዶኝ አላየሁም ነበር፣ ሰጠኋት፣ ተሸነፍኩ፣ በሰላም ተኛሁ ትል ነበር።»

«በሰላም ተኛሁ ነው ያለችው?»

«አዎ። ታዲያ እኛ ሁልጊዜ እንስቅባት ነበር። ለእንቅልፍ ብላ ዋንጫ ሰጠች ብለን።»

ትዋይላ ሹካዋን አስቀመጠች። እህቷ ለምታሰለጥናቸው ልጆች ሁሉ ስትነግር የኖረችው ነገር ነበር። ምሥጢር አልነበረም። ያልጠየቀችው እሷ ብቻ ናት።

«ሰኞ ጨዋታ አለን» አለች ልጅቱ። «አሰልጣኝ ስለሌለን ይሰረዛል ብለውናል።»

«ማነው ያለው?»

«ትምህርት ቤቱ። ትልቅ ሰው ከሌለ አይቻልም አሉ።»

«በስንት ሰዓት ነው?»

ልጅቱ ነገረቻት። ትዋይላ እመጣለሁ አላለችም፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች እንጂ።

አርዲስ ከበሩ ላይ ጠበቀቻት። «እኔ ልውሰድሽ። ዛሬ መንዳት የለብሽም።»

«ግድ የለም፣ አርዲስ። የሮንዳን መኪና ይዣለሁ።»

«ደክሞሻል እኮ።»

«ደክሞኛል።»

መኪናው የቆመው ከሜፕሉ ዛፍ ሥር ነበር። ትዋይላ ገብታ በሩን ዘጋች። ሰው ሁሉ ገና ውስጥ ነው። ቁልፉን ሰካችው፣ አላዞረችውም። የሮንዳ እግር ረጅም ስለነበር፣ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ይህን መኪና በነዳች ቁጥር ወንበሩን ወደ ፊት ትስበው ነበር፤ ቤት ስትደርስም፣ ሲሻላት ትነዳዋለች ብላ ወደ ቦታው ትመልሰው ነበር። መመለሱን የተወችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም።

እጇን ከወንበሩ ሥር ሰዳ ብረቱን አነሳች። ወንበሩ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ቀጭ ብሎ ቆመ። ትዋይላ እግሮቿን ዘረጋች። ፔዳሉ ላይ አልደረሱም። እንዲሁ ተቀምጣ አለቀሰች።