በሩን የሚዘጋው አማች

ልብስ ሰፊዋ አንድያ ልጇን ባሕር ማዶ ተወልዶ ላደገ የድልድይ መሐንዲስ ስትድር ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ትሑት ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ እሷንም "እማማ" እያለ ነው የሚጠራት። ችግሩ አንድ ነው፤ ከሥራ ሲገባ ሰላም ብሎ ቀጥ ወደ መኝታ ቤት፣ በሩን ጥርቅም፣ ከዚያ ብቻውን ቁጭ። አያነብ፣ አይተኛ።

"ምን ነክቶት ነው?" አለቻት ልጇን።

"እያረፈ ነው እማዬ።"

"ከማን ነው የሚያርፈው? ማን አለና!"

ይህን ስትል ሳሎኑ ውስጥ ሁለት እህቶቿና አራት ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር።

ሰው ሲታመም ዝም አይባልምና ጎረቤቱን አስተባበረች። አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ "አይዞህ" ይለው ጀመር። መሐንዲሱ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ላብ ላብ አለው፤ በመጨረሻም ድራሹ ጠፋ። ሲፈለግ ሲፈለግ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በኮቶቹ መሃል ተወሽቆ ተገኘ።

"አለቀለት ልጄ!" ብላ ጮኸች። በማግስቱ እየጎተተች የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ሁሉንም ሰምታ ወደ እሱ ዞረች።

"እኔስ ደህና ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የምሰጋው ለእማማ ነው። ልብስ ሲሰፉ የሞቱትን ባለቤታቸውን ያናግራሉ። ትናንትማ ስለ አንድ ኮሌታ ከሳቸው ጋር ተጨቃጨቁ።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። "ባልን ማናገር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው?"

"ይመልሱልዎታል?" አለች ሐኪሟ።

"ኧረ ወዲያ! በሕይወት እያለስ መቼ መልሶልኝ ያውቃል!"

ሐኪሟ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። "እናቴ፣ እዚህ አገር ሰው የሚያመጣልኝ እንደ እሱ ያለውን ነው። እሱ አገር ቢሆን ደግሞ የሚመጡት እርስዎ ነበሩ። ዛሬ ሁለታችሁንም አየሁ፤ የታመመ ግን አላየሁም።"

"መድኃኒት ሳይታዘዝለት ብንመለስ ጎረቤቱ ምን ይለናል?"

ሐኪሟ ጥቂት አሰበች። "እንግዲያው ማታ ማታ አንድ ሰዓት ብቻውን ይሁን። ሐኪም ያዘዘለት ነው ይበሏቸው።"

መንገድ ላይ መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገና "እማማ፣ ስለ ኮሌታው ግን ማን ነበር ልክ?" አላት።

"እኔ ነኛ!" አለች፤ ክንዱንም ያዝ አደረገችው።

ያን ዕለት ማታ በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፤ ማንም እንዳይገባ!"

ጎረቤቱ ሁሉ በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። የአምስት ልጆች እናት የሆነችው ጎረቤቷ ብቻ ጠጋ አለቻትና፣ በሹክሹክታ፣ ዓይኗ በተስፋ እየበራ፣

"ይሄ በሽታ... ይተላለፋል እንዴ?" አለቻት።