አምስት ወረቀት፣ አንድ ስህተት

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገሬ ሰው። መምህርት አይናለም ግን ተረቱን እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ ተዛውራ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው። በዚችው ሦስት ወር ቤት ያከራያትንም፣ ሽንኩርት የመዘነችላትንም፣ በባጃጅ ያደረሳትንም ጠርጥራ ጨርሳለች። ፈተና ስታርምማ አይጣል ነው።

የኅዳሩን ፈተና እያረመች ሳለ አምስት ወረቀት ላይ እጇ ቆመ። አምስቱም ልጆች «ሂ ዲድ ዌንት» ብለዋል። አምስቱም በግ ሲያበዙ «ሺፕስ» ብለዋል፤ «አይ አም አግሪ» ብለውም ተስማምተዋል። እርግጥ ነው፣ እንግሊዝኛ ተምሮ ይህን ያልተሳሳተ ሰው የለም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መምህሩም ይሳሳተዋል። የነዚህ ግን ስህተታቸው አንድ፣ ልክ የመለሱትም አንድ ነው። ተኮራረጁ እንዳይባል ደግሞ፣ የተፈተኑት በተለያየ ክፍል ተቀምጠው ነው።

«እንግዲያው ፈተናው ሾልኳል» አለች አይናለም። ደስ ያላት ትመስል ነበር።

አምስቱ ከፎገራ ገጠር መጥተው፣ ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው የሚማሩ ናቸው። አስጠራቻቸውና «ይህን መጀመሪያ የጻፈ ማነው?» አለቻቸው። አፋቸውን ለጎሙ። ባየህ የሚባለው ረጅሙ ልጅ ከመሀላቸው ምኞት የምትባለውን ልጅ በጎን አየት አደረገና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። እንዲህ ያለው ነገር ከአይናለም አያመልጥም። ልጅቷን ልቧ ላይ መዘገበቻት።

ወዲያው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብታ «ፈተናው ተሰርቋል» አለች። አቶ ይሄይስ ደንብ አዋቂ ሰው ናቸው። «ፈተና የሰረቀ ይባረራል። እስከ ሰኞ አጣሪና ንገሪኝ» አሏት። መባረር ማለት ብሔራዊ ፈተናው ቀረ ማለት ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተለፋበት ትምህርት ውሃ በላው ማለት ነው። አምስቱም ይህን ያውቃሉ።

ዓርብ ከሰዓት ትምህርት አልነበረም። አምስቱ ከከተማ ወጥተው ወደ ሜዳው ሲያቀኑ አይናለም አየቻቸው። «ፈተናውን ወደሸጠላቸው ሰው ነው» አለችና ተከተለች። ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ እስኪከብዳት ድረስ በሩዝ ማሳው መሀል ሄደች። በመጨረሻ ከአንድ የነዶ ክምር ኋላ ተሸሽጋ ጆሮዋን አቆመች። ትልቅ ሰው፣ የዲግሪ ባለቤት፣ ነዶ ኋላ ተሸጉጣ!

ልጆቹ ተሰልፈው ሩዝ ያጭዳሉ። ምኞት ከፊት ሆና ማጭዷን ሳታቆም «ሂ ዲድ ዌንት» ትላለች፤ አራቱ ተቀብለው «ሂ ዲድ ዌንት» ይላሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ እመይቴ? ከነዶው ኋላ ምን ጠፋብዎት?»

የምኞት አባት አቶ ይልቃል ነበሩ። አይናለም የተጣበቀባትን ገለባ እያራገፈች ልጆቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቀች።

«ወንፈል ነዋ። ዛሬ የኔን ያጭዳሉ፤ በሌላ ቀን የኔዋ ልጅ የነሱን ቤት ሩዝ ታጭዳለች።»

«እንግሊዝኛውስ?»

«እሱንም በወንፈል ነው የያዙት። መጽሐፉ አንድ ነው፣ እነሱ አምስት። አንዱ አንዱን ምዕራፍ ያጠናና ለቀሩት ያስተምራል። ከዚህ ሌላ ምን አቅም አላቸው?»

አይናለም ነገሩ ገባት። አንዱ ተሳስቶ ካጠና አምስቱም ይሳሳታሉ። ፈተናውን የሰረቀ የለም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች ባየህን።

«በወንፈል የመጣ ሰው አበላሽቶ ቢያጭድ ለባዳ አይነገርም፣ ቲቸር። ነውር ነው። እርስዎ ደግሞ የጠየቁን ማነው ብለው ነው።»

አፈረች። ከምር አፈረች። «በሉ ተረጋጉ። ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬ እኔው እጨርሰዋለሁ» አለቻቸው። አራቱ ፊታቸው በራ። ምኞት ትኩር ብላ አየቻትና ወደ ማጭዷ ተመለሰች።

ሰኞ አይናለም ደወል ሳይደወል ቢሮ ደረሰች። አቶ ይሄይስ ቀድመዋት ገብተዋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ወረቀት ተዘርግታለች። «ፈተናውን የሰረቅሁት እኔ ነኝ። አራቱ ሳስጠናቸው ፈተና መሆኑን አያውቁም ነበር» ይላል። ከግርጌው ምኞት ይልቃል ፈርማበታለች።

«ጥርጣሬሽ ልክ ነበር። ሌባዋ በእግሯ መጣች» አሏት።

አይናለም የወንፈሉን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳች። መጽሐፉ አንድ መሆኑን፣ ከነዶው ኋላ ሆና በጆሮዋ የሰማችውንም ነገረቻቸው። አቶ ይሄይስ ዓይናቸውን አጥብበው ሰሟት።

«ዓርብ ከአባትየው ማሳ ታይተሻል አሉ። ምን አጉርሰውሽ ነው?»

«ምንም፤ እውነቱን ነው የነገርኩዎት።»

«ሰርቀዋል ያልሽውም አንቺ ነሽ፣ አልሰረቁም የምትዪውም አንቺ ነሽ። ልጅቷ በገዛ እጇ ፈርማ እኔ ምን ላድርግ? አራቱ ይማሩ፤ እሷ ተሰናብታለች።»

አይናለም እየሮጠች ወጣች። ምኞት ከኪራይ ክፍሏ ያወጣችውን ጥቅል ፍራሽ ተሸክማ በግቢው በር በኩል ስታልፍ ደረሰችባት።

«ምን ነካሽ ልጄ? እኔ እጨርሰዋለሁ አላልኳችሁም?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ?»

ምኞት ፍራሹን አወረደችና ትንፋሿን ሰበሰበች። ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ያ ምዕራፍ የኔ ተራ ነበር። እኔ ባበላሸሁት አራቱ ከሚጠፉ እኔው ልጥፋ ብዬ ነው። እርስዎን ግን፣ ቲቸር፣ አላመንኩዎትም።»

አይናለም ልትቆጣት አሰበች፤ «ለምን ጠረጠርሽኝ?» ማለት ግን ከሷ አፍ የሚያምር አልነበረም።