የጠፋችው «ቁ»

መምህር ሙላው ከላይፕዚግ ይዞት የመጣው ሀብት ሁለት ነው። አንዱ የተጫረ የሙዚቃ ሸክላ፣ ሌላው ሰቆጣ ውስጥ ማንም የማይጠይቀው ጀርመንኛ። ሸክላው ላይ ያለው ኦፔሬታ፣ በዘፈን የሚጫወቱት ተውኔት ነው። ጥብጣብ ስትሸጥ የኖረች ልጅ ንጉሥ ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ቤተ መንግሥት ይወስዳታል፤ ትዘፍናለች፤ መኳንንቱ ይቀኑባታል፤ ደግማ ትዘፍናለች። ባለቤቶቹም አርፈው አልተዉትም። መጀመሪያ ቪየና ላይ ሠሩት፣ ኋላ በርሊን ላይ ተርትረው እንደገና ሰፉት፣ ቀጥሎ ሌላ አገር ሌላ ቋንቋ አለበሰው። እንግዲህ ዋግ ምን ያንሰዋል?

በአማርኛ የማሳየቱ ሐሳብ ግን የሙላው አልነበረም። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ካድሬው ጓድ ደርቤ «ከሶሻሊስት ወንድሞቻችን የሆነ ነገር ይታይ» ብሎ አዘዘ። ሙላው ያለው ይኸው ሸክላ ነው። ሶሻሊስትነቱን የሚመሰክርለት ከምሥራቅ ጀርመን ሱቅ መገዛቱ ብቻ ነው።

ጣጣው ከአንድ ቃል ተነሣ። ንጉሡ ያስቀመጣትን ሴት በአማርኛ ምን ይበላት? «ውሽማ» የመንደር ነው። «ዕቁባት» መጽሐፍ ቅዱስ ይሸታል፤ የካድሬው አፍንጫ ደግሞ ስል ነው። በመጨረሻ ከድሮ የቤተ መንግሥት ወግ «የጭን ገረድ» የሚለውን አንሥቶ ጻፈ፤ አስተይቦም ወሰደለት።

ጓድ ደርቤ ገጹን አገላበጠና እስክሪብቶውን አወጣ።

«ይኼ ታይፒስት ዓይን የለውም እንዴ?»

«ምን ተገኘ ጓድ?»

«ፊደል ገድፏል። ‹የጭን ገረድ› ይላል።» የመጀመሪያዋን ፊደል ሰርዞ በ«ጭ» እና በ«ን» መካከል አንዲት «ቁ» ሰካ። «ጭቁን ገረድ! ገረድ ናት፣ ንጉሥ በዝብዟታል፣ ትነሣለች። እናንተ የተማራችሁት እንዲህ ያለውን ነገር በፊደል ስሕተት ታበላሹታላችሁ።»

ሙላው አፉን ከፈተ። ስለ ጭን ለካድሬ ማስረዳት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሰበና መልሶ ዘጋው። «ልክ ነው ጓድ፤ አምልጣን ነው» አለ።

በዚያች ፊደል ኦፔሬታው ሌላ ሆነ። ንጉሡ የባላባት ካባ ደረበ፤ የዳንሱ ቫልስ የወታደር ማርሽ ሆነ፤ ልጅቱም በመጨረሻ ጥብጣቧን ጥላ ጠመንጃ እንድታነሣ ተወሰነ።

ገረዲቱን እንድትጫወት የተመረጠችው የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ያለምዘውድ ናት። ድምፅ አላት። ደግሞም እምቢ ማለት አትችልም። ወንድሟ ገብረ ጻድቅ ክረምት ሲገባ «ከወንበዴ ጋር ተነጋግሯል» ተብሎ ታስሯል። ቆላ ወርዶ ፍየል ገዝቶ ነበር የተመለሰው፤ ፍየሎቹ ከማን ጋር እንደተነጋገሩ አልተጣራም።

«በደንብ ተጫወቺ» አላት ደርቤ፤ «የበዓሉ ዕለት ወንድምሽ ከነጋቢው ይወጣል።» ቀጥሎ «ቤቴ እየመጣሽ ተለማመጂ» አላት። ሙላው የሌለበት፣ አጃቢው ማሲንቆም የሌለበት ልምምድ ነበር። ሰቆጣ ያውቃል። ሰቆጣ የሚያውቀውን አይናገርም፤ እሷ ስታልፍ ወሬ ያቋርጣል እንጂ።

ለልብሱ ቀይ ከፋይ ያዋሰችው ባለሱቋ ሐሊሜ ናት። ልትለካት ብትጠጋ ደነገጠች።

«ወገብሽ ወዴት ሄደ ልጄ? ሁለት ዙር ልጠቀልልሽ ነው?»

«የንጉሥ ምግብ አልተስማማኝም እትዬ።»

«ዝም በይ! ግድግዳ ይሰማል።»

«ይስማ። ገብሬ ይውጣልኝ እንጂ ግድግዳው ቢዘፍንም ግድ የለኝ።»

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ያለምዘውድ እንደ ልማዷ የወንድሟን ምግብ በአገልግል ይዛ እስር ቤቱ በር ቆመች። ጠባቂው አገልግሉን አልተቀበላትም። ገብቶ የታጠፈ ጋቢ አመጣና ከላዩ ጫነላት።

«ሊፈታ ነው?» አለች። ጋቢው ከቀደመ ሰውየው ይከተላል ብላ።

ጠባቂው መሬት መሬት አየ። «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት።

ያን ጊዜ ይህን አነጋገር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ጋቢውን ይዛ አዳራሽ ደረሰችና ለሐሊሜ ሰጠቻት። «ይያዙልኝ።»

ሐሊሜ ጋቢውን አየች፤ ፊቷን አየች። «አትግቢ። ታማለች እላቸዋለሁ።»

«እገባለሁ። ቃል የገባልኝ ሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።»

አዳራሹ ከዋግ ወረዳዎች፣ ከዝቋላና ከጋዝጊብላ ተጠርቶ በመጣ ገበሬ ሞልቷል። አማርኛው ለማይገባቸው በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ የምታስረዳው፣ ከእነሱ ጋር ስትነግድ የኖረችው ሐሊሜ ናት። «ጭቁን» የሚለው መጀመሪያውኑ አስቸግሯት «ቀንበር የከበዳት» አለቻቸው፤ ሰዉ በሬው መቼ ይመጣል እያለ ጠበቀ። ንጉሡን የሚጫወተው ሙላው ከሻይ ሣጥን በወጣ ብርማ ወረቀት የተሠራ ዘውድ ደፍቶ ተንጎራደደ፤ ተሳቀለት።

የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ። «እኔ ጭቁን ገረድ፣ ዛሬ ተነሣሁ» ነበር የሚለው። ያለምዘውድ የእንጨት ጠመንጃውን አላነሣችም። እስከ መድረኩ ጫፍ መጥታ ደርቤን አየችው።

«እኔ የጭን ገረድ» አለች።

ማሲንቆው ቆመ።

«የጓድ ደርቤ የጭን ገረድ። ወንድሜን በጭኔ ላስፈታ ነበር። ዛሬ ጋቢውን መለሱልኝ።»

 አንዲት የዝቋላ ሴት የሐሊሜን ጎን ነካ አድርጋ «ምን አለች?» አለቻት። ሐሊሜ ጋቢውን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ሴትየዋ ነጠላዋን አውርዳ ለሐዘን አዘቀዘቀችው። ከኋላዋ ያለችውም። ከዚያኛዋ ኋላ ያለችውም። ያለ አንዲት ጩኸት አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ መሐሉ ላይ ዘውድ የደፋ መምህር ቆሟል።

ደርቤ መድረክ ላይ ወጥቶ የመምህሩን ክንድ ጨመደደው። «‹ቁ›ዋ የት ገባች?»

«ዜማው ዋጣት ጓድ» አለ ሙላው። 

ያለምዘውድን ከነቀይ ከፋይዋ ወሰዷት። ስትወጣ የሚወስዳትን ጠባቂ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ወንድሜ የነበረበት ቦታ ክፍት ነው አይደል? እዚያ አድርጉኝ።»

ሙላው ለቅጣት ወደ ቆላው ኒሯቅ ተዛወረ፤ ሸክላው ተወረሰ። ለያለምዘውድ ምግብ ስታመላልስ የቆየችው ሐሊሜ ናት፣ እስከ ጥምቀት ሰሞን። አንድ ቀን አገልግሉ አልገባም፤ ከላዩ ላይ ቀዩ ከፋይ ታጥፎ ተጭኖ ተመለሰ። ሐሊሜ ከፋዩን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ሲጠይቋት «የሚሸጥ አይደለም» ትላለች።

በሌላው ዓመት በዓል ጓድ ደርቤ መድረክ ላይ ወጣ። «የሰቆጣ ጭ…» ብሎ ቆመና ቀና አለ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ማን ሞተባችሁ ብሎ ሊጠይቃቸው አልደፈረም።