በአንድ ስም ሥር

የቢሮው የስም መፈለጊያ ገጽ፣ ፕሮግራመሩ በጻፈው ስም የተመዘገቡት አንዲት የሰባ ዓመት ባልቴት ብቻ ናቸው ይላል። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ግን ከትከሻው በላይ ስክሪኑን አይተው፣ ሁለት ናቸው ብለው ድርቅ አሉ።

"የወጣቷን ቅጽ በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት። ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት።"

ፕሮግራመሩ ክው አለ። ጠባሳውን ያውቀዋል፤ በልጅነታቸው እሱ በወረወረው የድስት ክዳን የመጣ ነው። እህቱ ከቤት ከወጣች አሥራ አንድ ዓመቷ። በዚህ የጠፉ ዘመዶች አፈላላጊ ቢሮ የተቀጠረውም እሷን ብሎ ነበር። ካቻምና ገጹን ሠርቶ እንደጨረሰ መጀመሪያ የጻፈው የእሷን ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ስሟን ይጽፋል፤ ባልቴቷ ብቅ ይላሉ።

"እስቲ መዝገቡ የተከማቸበትን ዳታቤዝ በቀጥታ ልጠይቀው" አለ።

ሁለት ረድፍ መጣ፤ ባልቴቷና አንዲት ወጣት።

"አላልኩህም? ኮምፒውተርህ ነው እንጂ የጃጀው፣ እኔ መች ጃጀሁ!"

ኮዱን ከፈተ። የዳታቤዙን ውጤት ጄሰን ወደሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ቀይሮ ለገጹ ሲልክ፣ ሰዎቹን በተራ በመደርደር ፈንታ እያንዳንዱን በስሙ ሥር አስቀምጦታል። በአንድ ስም ሥር ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ አይቀመጥም፤ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይውጠዋል። ያኔ በዚህ ብልሃቱ ኮርቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እህቱን የሸሸጋት እሱ ራሱ ነው።

የእህቱን ረድፍ አነበበ፤ ስልክ የላትም። አድራሻዋ በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በማስታወሻው ቦታ "ወንድሜ ከጠየቀ፣ ናፍቆኛል በሉት" ይላል። ደጋግሞ አነበበው።

"ምን ይገትርሃል? የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ሊያመልጥህ ነው! ሂድ እንጂ፣ የኔ ልጅ!"

ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ እትዬም ተከተሉት። አዳራሹ እንደ ወትሮው በሰው ተሞልቷል። የመስኮቷ ሠራተኛ ስክሪኑን ወደ አንድ ባለከዘራ ሽማግሌ አዙራ፣ "በዚህ ስም ያለው አንድ ብቻ ነው አባባ፤ እሱም የእርስዎ ዘመድ አይደለም" ትላለች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ መውጫው አዘገሙ።

"አባባ፣ ይቆዩ፣ አይሂዱ!"

ፕሮግራመሩ ሲጮህ ሰዉ ሁሉ ዞረ። እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት፣ ቀጥሎም ወረፋውን አየ። ቦርሳውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

"አውቶቡሱ ይሂድ፣ እትዬ" አለ። "መጀመሪያ ይህን ገጽ አስተካክላለሁ፤ የእሳቸውም ሰው ተውጦ ይሆናል። እሷ ጋ ነገ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ።"