በጥናቱ ውስጥ የሌለችው

ሽታዬ የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው ራሷ በተማረችበት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ላይ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለው ከዚያ ግቢ የወጡ መቶ አርባ ሴቶች የት እንደደረሱ አንድ በአንድ ተከታትላ ጻፈች። ሐኪም የሆነች አለች፣ መሐንዲስ የሆነች አለች፣ እንደ እሷ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምርም አለች። ትምህርት ቤቱም ጠርቶ አከበራት፤ ተጨበጨበላት። በማግስቱ ጥራዙን በቦርሳዋ ይዛ በሚኒባስ ወደ ይጁቤ ሄደች፤ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ከታናሽ እህቷ ከየኔአለም ደጅ ደረሰች።

ሰባት ዓመት አልተያዩም ነበር። ለአባታቸው ቀብር እንኳ ሽታዬ አልደረሰችም፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ግን አልመጣችም።

የኔአለም ገብስ ታበጥር ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ተነሣች። በሦስት ዓመት ታንሳለች፤ የሚያያቸው ሰው ግን ታላቋ እሷ ትመስለዋለች። ተቃቅፈው አለቀሱ።

"ዜማን ልወስዳት ነው የመጣሁት" አለች ሽታዬ፣ ከተቀመጡ በኋላ። ዜማ የየኔአለም የበኩር ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። "የአዳሪውን ርእሰ መምህር አነጋግሬያለሁ። ስምንተኛን ጨርሳ ፈተናውን ካለፈች ይቀበሏታል።"

"አራተኛንም አልጨረሰች። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ይኸው ሦስት ዓመቱ።"

ሽታዬ የትናንቱን የጥሪ ወረቀት አውጥታ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልጅ እንድታነብ ሰጠቻት። ዜማ የአክስቷን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ቀጥሎ ያለው ቃል ላይ ቆመች። አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን መለሰች።

የኔአለም ዓይኗን ወደ ጥራዙ አዞረች። "ይኼ ሁሉ ስለምንድን ነው የተጻፈው?"

"እዚያ ስለተማሩት ልጆች። የት እንደደረሱ።"

"እኔስ አለሁበት?"

አባታቸው ለዛሬው የየኔአለም ባል ለአንተነህ ቤተሰብ ሊድር ቃል የሰጠው ሽታዬን ነበር። እሷ ፈተናውን አልፋ ወደ አዳሪው ስትገባ፣ ቃሌን አላጥፍም ብሎ የአሥራ ሦስት ዓመቷን የኔአለምን ዳረ። ሽታዬ ወሬውን የሰማችው ሒሳብ ስታጠና ነው። ለማንም ሳትናገር ደብተሯን ገልጣ ቀጠለች። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች።

"የለሽበትም" አለች።

"እኔማ በየት በኩል ገብቼ" አለች የኔአለም፣ ወደ ሰፌዷ እየተመለሰች።

"ባሕር ዳር ከእኔ ጋር ትኑር፤ ከአራተኛ ትጀምር። ዕድሜዋ ገና ነው።"

"አንቺ ስትሄጂ ለቤቱ እኔ ቀረሁለት። ዜማ ስትሄድ ማን ይቀራል? ወገቤን እያየሽው ነው። ታናሿ ገና ስድስት ዓመቷ።"

ዜማ ይህን ስትሰማ ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ምንጩ ወረደች።

ሦስት ቀን ቆየች። ጠዋት ጠዋት ከዜማ ጋር ውኃ እየቀዳች በመንገድ ላይ አስነበበቻት። በአራተኛው ቀን የዕረፍት ፈቃዷ አለቀ።

"ለከርሞ እመጣለሁ" አለች ስትሰነባበት።

"ለአባባም እንዲሁ ብለሽው ነበር" አለች የኔአለም። ቁጣ አልነበረበትም።

ሚኒባሱ ከይጁቤ ሲወጣ ርእሰ መምህሯ ደወለች፤ ልጅቷ ለፈተናው መቼ እንደምትመዘገብ ጠየቀች።

"አትመጣም" አለች ሽታዬ። "ሌላ ልጅ አስገቡ።"