የወፍጮ ቤቱ ተራ

«ሞተሩን ስንት ሰው ያነሳዋል?» አለ ኤጄታ፣ ንፍሮውን ከመዳፉ እየለቀመ።

ድንቅቱ ጆሮዋን አላመነችም። የአባታቸው መቃብር አፈር ገና እርጥብ ነው፤ ዛሬ ሰልስቱ ነው። የእድሩ አግዳሚ ላይ የተደረደሩት የሸነን መንደር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«የምን ሞተር?»

«የወፍጮውን ነዋ። አይሱዙው ነገ ጠዋት ይመጣል። ለቅሶ ደራሹ ሳይበተን ቢጫን ይሻላል። በኋላ ተሸካሚ ከየት ይገኛል? እዚህ አገር ወገቡ የቀና ሰው የለም።»

«ሸክም ሊረዱህ ነው ለቅሶ የደረሱት?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

አንድ ሁለት ሰዎች ዞሩ፤ መልሰው አቀረቀሩ። ኤጄታ አምቦ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ካለው ቆይቷል። ታናሽ እህቱ ድንቅቱ ግን ሸነን ቀርታ ታስተምራለች። ፊደል ያስቆጠረቻቸው ልጆች አንድ በአንድ ወደ አምቦ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ አይታለች። የሄደ ሁሉ አንድ ቀን ይመለሳል። የሚመለሰው ለቅሶ ለመድረስና ድርሻውን ለመውሰድ ነው።

አባታቸው ለሜሳ ደግ ሰው አልነበረም። ይህን ለቅሶ ቤት የሚናገር የለም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። ተራ ያዛባን ሰው ኬሻ አንስቶ ጭቃ ላይ ይወረውር ነበር። ግን ዓይን ነበረው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ እህሉ ሲያንስ አየ። መጀመሪያ በአህያ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ በሰው ጀርባ። በመጨረሻ ጎረቤታቸው አዴ መቲ በወተት ጣሳ ገብስ ይዘው መጡ።

«ልጆችሽስ?» አላቸው ለሜሳ።

«ደህና ናቸው፤ ይደውላሉ።»

«ስልክ እህል ይሸከማል?» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ ጣሳውን ነጥቆ ከኬሻዎቹ ሁሉ ፊት አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ሸነን ውስጥ የሚያስፈጨው በነፃና በመጀመሪያ ተራ ሆነ። ተራዬ ተወሰደ ያለ ሰው ስድቡን ጠግቦ ሄደ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሜሳ አራት ሽማግሌ ጠርቶ ተናዘዘ። ወፍጮው አይሸጥም፣ አይከፋፈልም። እድሩ ይያዘው። ገቢው ጧሪ ለሌላቸው መድኃኒትና የጤና መድን መዋጮ ይሁን። ለልጆቼ ቤቱና ባሕር ዛፉ ይበቃቸዋል አለ።

«አባዬ፣ በወረቀት እናድርገው» ብላው ነበር ድንቅቱ።

«ሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ወረቀት አይሻም።»

ምስክሮቹንም እንደ ወጉ በዕድሜ መረጠ። ሽማግሌ እያለ ወጣት ማስመስከር ንቀት ነው። ስለዚህ የአገሩን አዛውንቶች አስቀመጠ፤ ሦስቱ ከእሱ ቀድመው ሞቱ። ክብር ነው የምንለው ነገር አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጅልነት ነው።

አሁን ድንቅቱ በንዴት ተነስታ የለቅሶው ድንኳን መሀል ቆመች። አባቷ ለእድሩ የተወውን ወንድሟ ሊነቅለው መሆኑን ተናገረች።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ አመዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ወሬውን እኛም ሰምተናል። ግን ኤጄታ ታላቁ ወራሽ ነው። ምስክር ካለ ይቁምና ይናገር።»

ከአራቱ ምስክሮች የቀሩት ኦቦ ቀጀላ ብቻ ናቸው። በሁለት ሰው ተደግፈው ተነሱ።

«አባባ፣ ማሎ፣ እባክዎ» አለች ድንቅቱ፣ «አባዬ ስለ ወፍጮው ያለውን ይንገሩልኝ።»

«ለሜሳን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ቃሉን አያጥፍም። ስለ ወፍጮውማ...»

ዓይናቸው ድንኳኑን ከጥግ ጥግ ዞረው።

«ምነው እኔን ታደክሙኛላችሁ? ራሱ ይናገር እንጂ! ለሜሳ የት ሄዶ ነው?»

ከሴቶቹ በኩል ልቅሶ ፈነዳ። ኤጄታ ተነስቶ ሽማግሌውን በክንዳቸው ያዘና በቀስታ አስቀመጣቸው። ያ እርጋታው ድንቅቱን ከስድብ በላይ አቃጠላት።

«ክፉ አታድርጊኝ» አላት ውጭ ሲወጡ። «ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ያስፈጫል? ሁሉም ይሞታሉ፤ ሞተሩ ዝጎ ይቀራል። አምቦ ቢተከል ይሠራል።»

«ይሞታሉ ብለህ ከወዲሁ ትቀብራቸዋለህ? አምቦ ስትማር፣ አባዬ ታሞ የተኛበት ዓመት፣ ስንቅህን ማን ላከልህ? አዴ መቲ አይደሉም እንዴ ከጎተራቸው ጠርገው የሰጡህ?»

«አልረሳሁም።»

«አልረሳህም! ረስተህ ቢሆን ይሻል ነበር።»

በማግስቱ አይሱዙው የወፍጮ ቤቱን ደጃፍ ዘግቶ ቆመ። ኤጄታ ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ፈታ፤ ብሎኖቹን አላቀቀ። ከአምቦ ያመጣቸው ሁለት ወጣቶች ሞተሩን ማንቀሳቀስ አቃታቸው። ድንቅቱ ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረገች።

ሽማግሌዎቹ ከድንኳኑ ተነሱ። ለቅሶ ቤት ሥራ እያለ መቀመጥ ነውር ነው፤ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተዉ!» አለች ድንቅቱ። «የራሳችሁን ነው የምትጭኑት!»

«ኧረ ነውር ነው ልጄ» አሉ ኦቦ አመዩ፣ ወደ እሷ ሳይመለከቱ። «የሐዘንተኛ ቤት ነው።»

ኦቦ ቀጀላም ሳይቀሩ ትከሻቸውን አስጠጉ። «ለሜሳ ሲመጣ ሥራው አልቆ ያገኘዋል» አሉ።

ሞተሩ ተጫነ። ኤጄታ የሁሉንም እጅ ጨብጦ፣ ለአንዳንዶቹም ጎንበስ ብሎ ተሰናበተ። ድንቅቱ ጀርባዋን ሰጠችው። አይሱዙው ቁልቁል ወርዶ ተሰወረ፤ ሽማግሌዎቹም በትራቸውን አንስተው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ወፍጮ ቤቱ በለቅሶው ምክንያት ከተዘጋ ጀምሮ ሰዎች ተራ ለመያዝ ያስቀመጧቸው ኬሻዎች በግድግዳው ጥግ ተሰልፈዋል። አዴ መቲ ከበሽታቸው ተነስተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በዝግታ መጡ። ጣሳቸውን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጡ።

«አባትሽን ነፍስ ይማር። ሳልደርስ ቀረሁ» አሉ። «ዛሬ ይፈጫል አይደል?»

ድንቅቱ ጎንበስ ብላ ጣሳውን አነሳች። ኬሻዎቹን አንድ በአንድ አልፋ የበሩ ደፍ ላይ፣ ከሁሉም ፊት አስቀመጠችው። ክዳኑ ላይ ያረፈውን የመኪና አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።