የግራ እጅ ጉርሻ

ከንፈር መምጠጥ ግብር ቢጣልበት ኖሮ የዙልፋ አክስት ሀጂራ ብቻዋን የመርሳ ከተማን መንገድ ሁሉ ኮብል ታስነጥፍ ነበር። ዙልፋን ባየች ቁጥር "እኔን! እኔን ይቁረጠኝ!" ትላለች። የሚቆርጣት ግን የለም።

ዙልፋ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከውርጌሳ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ እጇን ከክርኗ በታች አጣች። አምስት ወር ሆናት። በግራ መጻፉን በሁለት ወር ለመደችው፤ መከራው መብላቱ ላይ ነበር። በቀኝ መብላት ከሕፃንነቷ የተማረችው አደብ ነው። ሼህ አብዱልሐሊም "ዑዝር ነው ልጄ፣ በቂ ምክንያት አለሽ፣ በግራሽ ብዪ" ብለዋታል። አላህ የፈቀደውን ሀጂራ አልፈቀደችም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አጠገቧ ትቀመጥና እንደ ጨቅላ ታጎርሳታለች። እናቷ ናጅዋ ደግሞ የባሏን እህት ስለምትፈራ ዝም ትላለች። ዙልፋን ከቁስሉ ይልቅ ያ ዝምታ ያቃጥላት ነበር።

ስለዚህ በሯን ዘግታ ተለማመደች። ወጡ ቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ፣ ራሷን እየተሳደበች ተለማመደች። የአጎቷ ልጅ ሰርግ ሲደርስ ከሰው እኩል ቀርባ በገዛ እጇ ልትበላ ወሰነች።

የሰርጉ ዕለት ስድስት ሴቶች አንድ ትሪ ከበቡ። ዙልፋ "ቢስሚላህ" ብላ ግራዋን ስትዘረጋ ሀጂራ አፈፍ አድርጋ ያዘችባት።

"ተይ የኔ ሚስኪን፣ እኔ እያለሁልሽ!" አለችና አጎረሰቻት። "አንድ ያጣላል" ብላም ደገመቻት። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ደግነት በነጻ ሲታይ ማን ይጠላል!

ዙልፋ ሁለቱንም ዋጠች። ከዚያ እጇን አስለቀቀችና ከምንቸት አብሹ ጥሩ አድርጋ ጠቅልላ፣ ጠብታ ሳይወድቅባት ወደ አክስቷ አፍ አቀረበች።

"እኔም ላጉርስዎ አክስቴ።"

"በግራ? አዑዙቢላህ!"

"ያለኝ እሱ ነው።"

"እኔስ ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ" አለች ሀጂራ፣ ገና ሦስቴ እንኳ ያልጎረሰችው፤ ፊቷንም አዞረች። ዙልፋ ያኔ ገባት። እዝነት ሲባል የከረመው ሁሉ መጸየፍ ነበር። አምስት ወር ሙሉ አንገቷን የደፋችው ለዚህች ሴት ነው? ናቀቻት፤ መናቋም ደስ አላት። እጇን ግን አላወረደችም። ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ።

ናጅዋ ከትሪው ማዶ ተንጠራርታ ጉርሻውን ከልጇ እጅ ተቀበለች። አፏ እንደሞላ የባሏን እህት ቀና ብላ አየቻት።

"ከጠገቡ ይነሱ፣ ለልጄ ቦታ ይልቀቁላት።"

ሀጂራ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች፤ ሁለት ሴቶችም ተከተሏት። ዙልፋ እንባዋ ቢመጣም ሳትጠርገው ወደ ትሪው ጠጋ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ርቧት ነበር።